2,147,483,647፦ «ለምንም አይጠቅምም» የተባለው ቁጥር

የድኅረ ምረቃ ትምህርቴን ስጀምር አንድ ትንሽ መሣሪያ ገጣጥሜ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ የላቦራቶሪውን ሙቀት በየደቂቃው ይለካል፣ ልኬቱን ከሰዓቱ ጋር ሚሞሪ ካርድ ላይ ይጽፋል። ሰዓቱን የሚቆጥረው ከበራበት ቅጽበት ጀምሮ በሚሊ ሰከንድ ነው። ሃያ አራት ቀን ሙሉ ምንም ሳይል ሠራ። በሃያ አምስተኛው ቀን ፋይሉን ስከፍት ግን ግራ ገባኝ። አንዱ መስመር ላይ ሰዓቱ 2,147,460,000 ይላል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ የተጻፈው የሚቀጥለው መስመር ደግሞ −2,147,447,296 ይላል። መሣሪያዬ ጊዜን ከዜሮ በታች ይዞት ወርዷል።

ስህተቱ የራሴ ነበር። ሰዓቱን ያስቀመጥኩበት የቁጥር ዓይነት ከ2,147,483,647 በላይ መያዝ አይችልም። ይህን ማንኛውም ፕሮግራመር ያውቃል፤ እኔም አውቀው ነበር፣ ግን ሃያ አራት ቀን የሚባል ነገር ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ፕሮግራሙን ካስተካከልኩ በኋላ ስለ ቁጥሩ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር አስገረመኝ። ቁጥሩ ከኮምፒውተር ይልቅ በጣም ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 ዓይኑ ሊጠፋ የደረሰ አንድ ሰው ሴንት ፒተርስበርግ ቁጭ ብሎ መርምሮታል። በ1811 ደግሞ አንድ እንግሊዛዊ «ከዚህ በኋላ የሚሄድ ሰው አይኖርም፤ ምክንያቱም ነገሩ ጥቅም የለውም» የሚል ፍርድ ሰጥቶበታል።

እስቲ የዚህን ቁጥር ታሪክ አብረን እንይ። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአንድ ፍሬ ጤፍ ስንነሳ

መጀመሪያ ቁጥሩን በዓይነ ሕሊናችሁ እንድታዩት ልርዳችሁ። ዛሬ አንድ ፍሬ ጤፍ አስቀምጡ። ነገ ሁለት፣ ከነገ ወዲያ አራት፣ ቀጥሎ ስምንት፤ እንዲህ በየቀኑ እጥፍ እያደረጋችሁ ለ31 ቀን ቀጥሉ። በ31ኛው ቀን ብቻ የምታስቀምጡት 1,073,741,824 ፍሬ ይሆናል። የ31ዱን ቀን ሁሉ ስትደምሩት ደግሞ በትክክል 2,147,483,647 ይመጣል። አንድ ሺህ ፍሬ ጤፍ 0.3 ግራም ገደማ ይመዝናል። በዚህ ብታሰሉት ከአንዲት ፍሬ ተነስታችሁ በአንድ ወር ውስጥ ስድስት ኩንታል ተኩል የሚጠጋ ጤፍ አላችሁ ማለት ነው።

ይህን በአጭሩ ስንጽፈው 2³¹ − 1 ነው፤ ሁለትን 31 ጊዜ በራሱ አባዝቶ አንድ መቀነስ። ኮምፒውተር ቁጥርን የሚጽፈው በ0 እና በ1 ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ቁጥር በኮምፒውተር ቋንቋ 31 አንዶች ተደርድረው ናቸው። ሌላ ምንም የለበትም። በእኛ አጻጻፍ ውስብስብ የሚመስለው ቁጥር በባይነሪ ሲጻፍ ከዚህ በላይ ቀላል የለም።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፦ ይህ ቁጥር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ ይካፈላል? ወይስ ብቸኛ ቁጥር፣ በተለምዶ ፕራይም የምንለው፣ ነው? ብቸኛ ቁጥር ማለት እንደ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር መሆኑን ታስታውሳላችሁ።

ሰዎች ይህን ቅርጽ ለምን ፈለጉት?

ነገሩ የሚጀምረው ከጥንት ግሪኮች ነው። 6ን ተመልከቱ። ከራሱ ውጭ ያሉት አካፋዮቹ 1፣ 2 እና 3 ናቸው፤ ስትደምሯቸው ተመልሶ 6 ይመጣል። 28ም እንዲሁ ነው፤ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ 28 ናቸው። ግሪኮች እንዲህ ያሉትን ፍጹም ቁጥሮች አሏቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ገደማ የኖረው ኤውክሊድ እነዚህን መሥሪያ መንገድ አገኘ። ሁለትን የተወሰነ ጊዜ በራሱ አባዝታችሁ አንድ ስትቀንሱ የሚመጣው ብቸኛ ቁጥር ከሆነ፣ ከእሱ አንድ ፍጹም ቁጥር ይወለዳል። ከ3 የተወለደው 6 ነው፤ ከ7 የተወለደው 28፣ ከ31 የተወለደው 496፣ ከ127 የተወለደው 8,128።

ስለዚህ ፍጹም ቁጥር የፈለገ ሁሉ «2 ስንት ጊዜ ሲባዛና አንድ ሲቀነስ ብቸኛ ቁጥር ይሰጣል?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ነገር አለ። አርቢው፣ ማለትም ሁለት ስንት ጊዜ እንደተባዛ የሚነግረን ቁጥር፣ ራሱ ብቸኛ ካልሆነ መልሱም ብቸኛ አይሆንም። 2¹⁵ − 1ን ውሰዱ። በባይነሪ 15 አንዶች ነው። 15 ደግሞ 3 ጊዜ 5 ስለሆነ በሦስት በሦስት ልትከፋፍሉት ትችላላችሁ፦ 111 111 111 111 111። 123,123,123 ለ123 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል ሁሉ፣ ይህም ለ111 ይካፈላል። በባይነሪ 111 ማለት 7 ነው። እውነትም 2¹⁵ − 1 = 32,767 = 7 × 31 × 151 ነው።

31 ራሱ ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ 2³¹ − 1 በዚህ መንገድ አይፈርስም። ግን ይህ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። 11 ብቸኛ ነው፤ 2¹¹ − 1 = 2,047 ግን 23 × 89 ነው። ብዙ ሊቃውንትን ጉድ የሠራቸው ይህ ወጥመድ ነው።

የተሳሳቱ ሊቃውንት ሰልፍ

የቦሎኛው ተወላጅ ፒየትሮ ካታልዲ በ1588 ሁለት ትልልቅ ቁጥሮችን፣ 2¹⁷ − 1ን እና 2¹⁹ − 1ን፣ ብቸኛ መሆናቸውን አረጋገጠ። ዘዴው የጉልበት ሥራ ነበር። ሁለተኛው 524,287 ነው። አንድ ቁጥር አካፋይ ካለው፣ ቢያንስ አንዱ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም። የዚህ ስኩዌር ሩት 724 ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ያሉትን 128 ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ እያካፈሉ መሞከር በቂ ነው። በወረቀትና በብዕር አድካሚ ነው፣ ግን ይቻላል።

ከዚያ ግን ካታልዲ ድፍረት አበዛ። በ1603 ባሳተመው መጽሐፍ አርቢው 23፣ 29፣ 31 እና 37 ሲሆንም ብቸኛ ቁጥር ይገኛል ብሎ ጻፈ። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ1640 ሁለቱን አፈረሰበት፤ የመጀመሪያው ለ47፣ የ37ኛው ለ223 ይካፈላሉ። የ29ኙን ደግሞ ሊዮናርድ ኦይለር በ1738 አፈረሰው። ከአራቱ የቀረው 31 ብቻ ነው። ካታልዲ በዚህ አንዱ ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ግን አልነበረውም።

በመካከል ማራን መርሴን የሚባል የፓሪስ መነኩሴ ገባ። መርሴን በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንትን በደብዳቤ ያገናኝ የነበረ ሰው ነው፤ አንዱ ያገኘውን ለሌላው ይጽፋል፣ ሌላው ያለውን ለሦስተኛው ያደርሳል። በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ እስከ 257 ድረስ ብቸኛ ቁጥር የሚሰጡት አርቢዎች 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ ናቸው አለ። ዝርዝሩ አምስት ስህተት አለበት። 67 እና 257 መግባት አልነበረባቸውም፤ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ተረስተዋል። ይህን ሙሉ በሙሉ ለማጣራት ሦስት መቶ ዓመት ፈጅቷል። ሆኖም ዝርዝሩ ብዙ ሰው ስላከራከረ እነዚህ ቁጥሮች በስሙ ቀሩ፤ ዛሬም «የመርሴን ብቸኛ ቁጥሮች» ነው የሚባሉት።

ልብ በሉ፤ እስካሁን 2³¹ − 1ን «ብቸኛ ነው» ያሉ ሁለት ሰዎች አሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ግን አላረጋገጡም። በሒሳብ ደግሞ በግምት ልክ መሆን አይቆጠርም።

372 ማካፈል

በካታልዲ ዘዴ እንሂድ ብንል ምን ይጠብቀናል? የ2,147,483,647 ስኩዌር ሩት ከ46,340 ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ በታች ከ4,700 በላይ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። በእያንዳንዳቸው አሥር አሃዝ ያለውን ቁጥር በእጅ ማካፈል ነው። አንዷን ብትሳሳቱ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ኦይለር ሥራውን በጉልበት አልጀመረውም፤ መጀመሪያ አካፋዮቹን አጣራ። ሁለት ማጣሪያ ተጠቀመ።

የመጀመሪያው የፌርማ ነው። አርቢው 31 ከሆነ፣ ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ለ62 ሲካፈል 1 መቅረት አለበት። ቅድም ባየነው በ11 ሞክሩት፤ 23 ለ22 ሲካፈል 1 ይቀራል፣ 89ም ለ22 ሲካፈል 1 ይቀራል። ሠራ አይደል? ስለዚህ ለ2³¹ − 1 የሚሞከሩት 63፣ 125፣ 187፣ 249፣ 311… እያሉ የሚሄዱት ብቻ ናቸው።

ሁለተኛው ማጣሪያ ደግሞ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል የሚቀረው 1 ወይም 7 ብቻ መሆን አለበት ይላል። 125 ሲካፈል 5 ይቀራል፤ ይውጣ። 187 ሲካፈል 3 ይቀራል፤ ይውጣ። 249 እና 311 ያልፋሉ። ሁለቱን ማጣሪያ ስታጣምሩ፣ የሚቀሩት ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚቀራቸው ቁጥሮች ናቸው። ከ46,341 በታች እንዲህ ያሉት፣ 1ን እና 63ን ትተን፣ 372 ናቸው። ከእነሱም ውስጥ ብዙዎቹ ራሳቸው ብቸኛ ስላልሆኑ ይወድቃሉ፤ ለምሳሌ 249 ማለት 3 × 83 ነው። መጀመሪያ በእውነት መሞከር ያለበት 311 ነው። ስታካፍሉት 35 ይቀራል። አልሠራም፤ ወደሚቀጥለው።

ኦይለር ይህን ሲያደርግ በስልሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበር። አንድ ዓይኑ ከብዙ ዓመታት በፊት ጠፍቷል፤ ሁለተኛው ደግሞ በሞራ ተሸፍኖበታል። ሥራውን ለረዳቶቹ በቃሉ እያስጻፈ ይሠራ ነበር። ውጤቱን ከታዋቂው የበርኑሊ ቤተሰብ ለአንዱ የሒሳብ ሊቅ በደብዳቤ ላከው፤ ደብዳቤው በ1772 ታተመ። ከተሞከሩት አንዱም ያለ ቀሪ አላካፈለም። 2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር ነው። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁም ሆነ፤ ይህን ማዕረግ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ይዞት ቆይቷል።

መሐንዲስ እንደመሆኔ ከዚህ ታሪክ የምወደው ማጣሪያውን ነው። ከአራት ሺህ ሰባት መቶ በላይ የነበረውን ሥራ ከአራት መቶ በታች አወረደው። ዛሬ ፕሮግራም ስንጽፍ «ፈጣን ኮምፒውተር ልግዛ» ከማለታችን በፊት «የማያስፈልገውን ሥራ ላስወግድ» የምንለው እኮ ይሄው ነው።

ቁጥሩ የትኛው ቤተሰብ ውስጥ ነው?

የሒሳብ ሰዎች ቁጥርን እንደ ዘር ማንዘር መድበው ነው የሚያውቁት። የእኛው ቁጥር ከኢተጋማሽ ቁጥሮች ወገን ነው። ብቸኛ ነው፤ ያውም ከ2 ጀምራችሁ ብትቆጥሩ 105,097,565ኛው ብቸኛ ቁጥር። ከመርሴን ብቸኛ ቁጥሮች ደግሞ ስምንተኛው ነው። ስለዚህ ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር የሚወለደው ከእሱ ነው፦ 2,305,843,008,139,952,128።

በጣም ጠባብ የሆነ ሌላ ቤተሰብም ውስጥ አለ። አርቢው 31 ራሱ የመርሴን ብቸኛ ቁጥር ነው፤ 2⁵ − 1 = 31። ማለትም 5 የወለደው 31ን ነው፣ 31 ደግሞ የወለደው 2,147,483,647ን። እንዲህ ያሉት «ድርብ መርሴን» ይባላሉ። እስከ ዛሬ ብቸኛ መሆናቸው የታወቁት አራት ብቻ ናቸው፦ 7፣ 127፣ የእኛው ቁጥር፣ እና 39 አሃዝ ያለው 2¹²⁷ − 1።

«ታዲያ የልጅ ልጁስ?» ብትሉ፣ ሁለትን 2,147,483,647 ጊዜ አባዝታችሁ አንድ ስትቀንሱ ከ646 ሚሊዮን በላይ አሃዝ ያለው ቁጥር ይመጣል። እሱ ብቸኛ አይደለም፤ ለ295,257,526,626,031 ይካፈላል። የዘር ሐረጉ እዚያ ላይ ተቋርጧል።

የ1811 ፍርድ

አሁን ወደ እንግሊዛዊው እንምጣ። ፒተር ባርሎው ዉልዊች በሚገኘው የንጉሣዊው ወታደራዊ አካዳሚ ሒሳብ ያስተምር ነበር። በ1811 ስለ ቁጥሮች ባሳተመው መጽሐፍ ስምንተኛውን ፍጹም ቁጥር ጠቅሶ፣ ከዚህ የሚበልጥ ፈጽሞ አይገኝም አለ። ምክንያቱ ሒሳባዊ አልነበረም። እነዚህ ቁጥሮች የማወቅ ጉጉት ከማርካት በቀር ጥቅም ስለሌላቸው፣ ከዚያ በላይ ለመፈለግ የሚደክም ሰው ይኖራል ብሎ ስላልገመተ ነው።

ባርሎው ሞኝ አልነበረም፤ እንዲያውም የተግባር ሰው ነበር። ያዘጋጃቸው የስኩዌርና የስኩዌር ሩት ሰንጠረዦች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ መሐንዲሶች ጠረጴዛ ላይ አልጠፉም። በስሙ የሚጠራው ሌንስ ዛሬም በቴሌስኮፕ ውስጥ ይሠራል። ይህን ሁሉ ጠቃሚ ነገር የሠራ ሰው «የሚጠቅም» እና «የማይጠቅም» የሚለውን ቢለይ አያስገርምም። ችግሩ፣ የለየው በ1811 ባየው ነገር ብቻ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ስህተቱ ቶሎ ታየ። ሰዎች አላቆሙም። በ1867 ፈረንሳዊው ፎርቹኔ ላንድሪ 13 አሃዝ ያለው ብቸኛ ቁጥር አገኘ። በ1876 ኤድዋርድ ሉካ 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ መሆኑን አሳየ። በ1883 ኢቫን ፔርቩሺን የተባለ ሩሲያዊ ቄስ መርሴን የረሳውን 2⁶¹ − 1ን አገኘ፤ ከእሱም ባርሎው አይገኝም ካለው የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ተወለደ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን አስተባብረው ይፈልጋሉ። በጥቅምት 2024 ይፋ የሆነው 2 በ136,279,841 አርቢ ሲቀነስ 1፣ 41,024,320 አሃዝ አለው።

ሁለተኛው ስህተቱ ግን ለመታየት ከ150 ዓመት በላይ ፈጀ። «አይጠቅምም» የተባለው ቁጥር ራሱ ሥራ ያዘ።

አጥርም፣ መሣሪያም

በ1964 አይቢኤም ሲስተም 360 የተባለውን የኮምፒውተር ቤተሰብ ይፋ ሲያደርግ፣ ኮምፒውተሩ ቁጥርን በ32 ቢት እንዲይዝ አድርጎ ሠራው። 32 ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚጻፍባቸው 32 ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው። ኔጋቲቭ ቁጥር ለመጻፍ አንዱ ሳጥን ለምልክት ይሰጣል። የቀሩት 31 ናቸው። 31ዱ ሁሉ በ1 ሲሞሉ ምን ይሆናል? አዎ፣ የኦይለር ቁጥር። በኋላ 32 ቢት በዓለም ሁሉ ስለተለመደ ይህ ቁጥር በየቤታችን ገባ። አንድ ስትጨምሩበት የምልክቱ ሳጥን በ1 ይሞላና ቁጥሩ −2,147,483,648 ይሆናል። የእኔ መሣሪያ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው፤ 2,147,483,647 ሚሊ ሰከንድ ማለት 24 ቀን ከ20 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ገደማ ነው።

ይህ አጥር ብዙ ቦታ ይገጥማችኋል። አንድ ፕሮግራም ገንዘብን በሳንቲም ቆጥሮ በዚህ ዓይነት ቁጥር ቢያስቀምጥ፣ ከ21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም በላይ መያዝ አይችልም። በ2014 መጨረሻ የኮሪያው ዘፋኝ ሳይ «ጋንግናም ስታይል» በዩቲዩብ ላይ ይህን ያህል ጊዜ በመታየቱ፣ ዩቲዩብ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት ማሳደግ ነበረበት። አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ጨዋታ አይደለም። በሰኔ 1996 የአውሮፓ አሪያን 5 ሮኬት በተነሳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተበታተነ፤ መነሻው አንድ ትልቅ ቁጥር 16 ቢት ወዳለው ጠባብ ሳጥን አልገባ ማለቱ ነበር። የዚያ ሳጥን አጥር ቅድም ያፈረስነው 32,767 ነው።

«እሺ፣ ይሄ የ31 ቢት ጉዳይ እንጂ የብቸኛ ቁጥርነቱ ጉዳይ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። የ32 ቢት አጥር ብቸኛ ቁጥር መሆኑ አጋጣሚ ነው። የ64 ቢት አጥር የሆነው 2⁶³ − 1 ብቸኛ አይደለም፤ 63 በ3 ስለሚካፈል ቁጥሩ በ7 ይካፈላል።

ይህን አጋጣሚ የተጠቀሙበት ሰዎች ግን አሉ። ኮምፒውተር የዕጣ ቁጥር ማውጣት አለበት፤ ለጌም፣ ለምርምር፣ የትራፊክ ፍሰትን አስመስሎ ለማጥናት። ኮምፒውተር ግን ዳይስ የለውም። ከ1969 ጀምሮ የሚታወቅ አንድ ዘዴ አለ። ከ1 ተነሱ። በ16,807 አባዙ፣ ለ2,147,483,647 አካፍሉ፣ ቀሪውን ያዙ። ቀሪውን መልሳችሁ በ16,807 አባዙ፣ አካፍሉ፣ ቀሪውን ያዙ። የሚመጣው 16,807፣ ከዚያ 282,475,249፣ ከዚያ 1,622,650,073፣ ከዚያ 984,943,658 እያለ ይቀጥላል። ለዓይን ሥርዓት የለውም። ውበቱ ግን እዚህ ነው፤ ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ፣ አንዱንም ሳይዘልና ሳይደግም ጎብኝቶ ነው ወደ 1 የሚመለሰው። አካፋዩ ብቸኛ ቁጥር ባይሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ስቲቨን ፓርክና ኪት ሚለር በ1988 ዘዴውን ቢያንስ ሊሟላ የሚገባ መለኪያ አድርገው አቀረቡት፤ በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ውስጥ እስከ ዛሬ ተካቶ ይገኛል። (ለይለፍ ቃል ግን አትጠቀሙበት፤ ቀጣዩን ቁጥር መገመት ቀላል ነው።)

የኦይለር 372 ማካፈል እንግዲህ እዚህ ደረሰ። ኦይለር ስለ ኮምፒውተር አያውቅም። ማወቅ የፈለገው ቁጥሩ ብቸኛ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነበር።

ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.

የመጨረሻው ነገር እናንተን በቀጥታ ይመለከታል። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። ቆጠራው በ32 ቢት ከሆነ 2,147,483,647ኛው ሰከንድ ላይ ያበቃል። በግሪንዊች አቆጣጠር ይህ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ 3፡14፡07 ላይ ነው። ወደ እኛ ስንመልሰው ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል። አዎ፣ የጥምቀት ዕለት ማለዳ።

ሕዝቡ ጃንሜዳ ተሰብስቦ፣ ብዙ ሺህ ስልክ ቪዲዮ እየቀረጸ ባለበት ሰዓት፣ ያልተስተካከለ መሣሪያ ሁሉ በአንድ ሰከንድ ወደ ታኅሣሥ 1894 ዓ.ም.፣ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ይመለሳል። አትፍሩ፤ አዲስ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ጊዜን በ64 ቢት ስለሚቆጥሩ ለ292 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ስጋት የለባቸውም። የሚያሳስበው ተተክሎ የተረሳው ነው፤ ግድግዳ ውስጥ ያለ መቆጣጠሪያ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት የቆየ ማሽን፣ ማንም ከፍቶ ያላየው ሳጥን። እኔ የገጣጠምኩትን ዓይነት መሣሪያ ማለቴ ነው። በዚያን ቀን ብዙዎቻችሁ ሥራ ላይ ትሆናላችሁ፤ እንዲህ ያለውን ሳጥን ከፍቶ የሚያየው ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል።

እስከዚያው ካልኩሌተር ያዙና የኦይለርን ሥራ ትንሽ ቅመሱት። 311ን ሞክረናል። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ማጣሪያ የሚያልፈው ብቸኛ ቁጥር 1,303 ነው። 2,147,483,647ን ለ1,303 አካፍሉ። ቀሪው 226 ከመጣላችሁ በትክክል ሠርታችኋል። ከዚያ ወደሚቀጥለው።